«ሥዕሉ እምቢ ሲለኝ ማእድ ቤቱ እሺ አለኝ»

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ስሆን የምተዳደረው ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል በመሥራት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እርሳስ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። ሥዕል እንጀራዬ ከሆነ በኋላም ለብዙ ጊዜ ደስ እያለኝ ሠርቻለሁ። ካለፈው ዓመት አጋማሽ ወዲህ ግን ወረቀት ፊት ስቀመጥ ምንም አይመጣልኝም። የታዘዝኩትን እንደ ምንም እጨርሳለሁ፤ የጨረስኩትን መልሶ ማየት ግን ያስጠላኛል። ለራሴ ብዬ አንድ ንድፍ ከሠራሁ ወራት አልፈዋል። አሁን በእጄ ያለውን መጽሐፍ ሥዕሎች የማስረከቢያው ቀን አልፎብኛል፤ አሳታሚው ሲደውልም ስልኩን አላነሳም።

የገረመኝ ነገር በዚሁ ጊዜ ምግብ ማብሰል መውደዴ ነው። ቀድሞ ማእድ ቤት የምገባው ግድ ስለሆነ ብቻ ነበር። አንድ ምሽት ምስር ልሠራ ስል ቸኩዬ አልነበረምና እሳቱን ቀንሼ ሽንኩርቱን ከወትሮው እጅግ ቀስ ብዬ አቁላላሁት፤ ጣዕሙ ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥሁ እሞክራለሁ፤ አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ እጨምራለሁ፣ አንዳንዴ ቲማቲሙን ለብቻው አበስላለሁ። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማስበው ማታ ምን እንደምሞክር ነው። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ይሁንና «ከሥራሽ እየሸሸሽ ነው» ይለኛል። የልብ ጓደኛዬ ደግሞ «እውነተኛው ተሰጥኦሽ ይኸው ነው፤ ፎቶ እያነሳሽ ለሰው አሳዪ፣ በትእዛዝም ሽጪ» ትለኛለች። ሥዕሉን ትቼ ወደ ምግብ ልዙር? ወይስ ማእድ ቤቱን ትቼ ራሴን አስገድጄ ጠረጴዛው ላይ ልቀመጥ? እባክዎ ምክርዎን ይለግሱኝ።

ወረቀቱ ባዶ የሆነባት

ውድ ጠያቂያችን፤

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ስለ ሥዕሉ የጻፉት ክፍል የደከመ ነው፤ ስለ ሽንኩርቱ የጻፉት ግን ሕይወት አለው። እሳቱን እንደቀነሱ፣ የቱን አስቀድመው የቱን እንዳዘገዩ፣ ጣዕሙ ከወትሮው እንደተለየ አንድ በአንድ ነግረውኛል። የፈጠራ ምንጩ የነጠፈበት ሰው እንዲህ አያስተውልም፤ በማግስቱም አንድ ነገር ለውጦ ለመሞከር አይጓጓም። ስለዚህ «የቱን ልተው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን፣ ሥዕሉ የነፈገዎትን ማእድ ቤቱ የሰጠዎት ምን እንደሆነ አስቀድመን ብንመለከት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ጤናዎ ልጠይቅዎ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ያበሰሉትን መብላቱስ ያስደስትዎታል? ከልጅዎ ጋር ሲጫወቱ ልብዎ አብሯት ነው ወይስ ሌላ ቦታ? የደስታ ማጣቱ ከሥራ ጠረጴዛው አልፎ ወደ ሌላው ኑሮዎ ከተዛመተ፣ ቀኑን በአብዛኛው እየዋለ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ከእንቅልፍ ወይም ከምግብ ፍላጎት መዛባት ጋርም ከመጣ፣ በደብዳቤ ልውውጥ የሚፈታ ጉዳይ ስላልሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ጠዋት ሲነሡ የሚጓጉለት ነገር መኖሩ በበኩሌ ተስፋ ሰጥቶኛል። የነገሩኝ ነገር በሥራ ከመዛል ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ይህን ዓይነቱን መዛል በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲገልጸው ሦስት መልክ እንዳለው አስፍሯል፤ እነርሱም የአቅም መሟጠጥ፣ በልብ ከሥራው መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት ናቸው። «መልሶ ማየት ያስጠላኛል» ያሉት ከእነዚህ ውስጥ የሚመደብ ይመስለኛል፤ ይህ ደግሞ ተሰጥኦ አለቀ ማለት አይደለም።

ባለቤትዎ «እየሸሸሽ ነው» ያሉት በከፊል ልክ ነው፤ ሽሽቱን ያዩበት ቦታ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። የሸሹት አሳታሚው ሲደውል ስልኩን ባለማንሳትዎ ነው። ምሽት ላይ ሽንኩርት ማቁላላትዎ ግን ሽሽት አይደለም፤ ቤተሰቡ ራት ይበላል፣ እርስዎም አንድ ነገር ጀምረው ይጨርሳሉ። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለተገናኙ በእርስዎም በባለቤትዎም ዓይን አንድ ጥፋት መስለው ታይተዋል፤ ያልተነሣው ስልክ የሚፈጥረው ሕሊና ወቀሳም በምግቡ ላይ አርፏል። እነዚህን ሁለቱን መለየት ከቻሉ ከጭንቀትዎ ብዙው ይቀልልዎታል።

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስ፤ ምን እንደሠሩ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባልና። የሽንኩርት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው። መጥበሻው ላይ ሲያርፍ የሚንሾሻሸው ያ ውኃ እየወጣ ሲተን ነው፤ ሽንኩርቱ ርጥብ እስከሆነ ድረስም ሙቀቱ ውኃ ከሚፈላበት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም ከፍ ሊል አይችልም። በዚህ ጊዜ ሽንኩርቱ ይለሰልሳል፣ ንጣቱ ይጠፋና ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ከዚያ በቀር ግን ምንም የተለወጠ አይመስልም። ውኃው ሲሟጠጥ ግን ሙቀቱ ይወጣል፤ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋም ስኳሩና የፕሮቲን ቅንጣቶቹ እየተዋሐዱ ያንን ቡናማ መልክና ጥልቅ መዓዛ በፍጥነት ያመጣሉ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1912 ገልጾታል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እሳቱን ከፍ ያደረገ ሰው ጠርዙ ሲያርበት መካከሉ ገና ጥሬ ነው። ድስቱን አብዝቶ የሞላም ሰው ሽንኩርቱ በራሱ እንፋሎት ይቀቀልበታል እንጂ አይጠበስለትም።

እርስዎ ያን ምሽት ያደረጉት፣ ምንም የማይለወጥ በሚመስልበት በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ እሳቱን ሳይጨምሩ፣ ማማሰያውን ሳይጥሉ መቆየት ነበር። ለሥዕልዎ ይህን ያህል ጊዜ የሰጡት መቼ ነው? ወረቀቱ ፊት ሲቀመጡ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቡናማው መልክና መዓዛው እንዲመጣ እየጠበቁ፣ ሳይመጣ ሲቀር «ምንም የለኝም» ብለው እየተነሡ ይሆን? ቀነ ገደብ ያለፈበት ሰው እሳት መጨመሩ አይገርምም፤ ማንም ቢሆን በእርስዎ ቦታ ይህንኑ ያደርግ ነበር።

ከትዕግሥቱ ሌላ ማእድ ቤቱ የሰጠዎት ነገር አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ማበላሸት መቻልዎ ነው። ጨው የበዛበት ምስር የሚያስከፍልዎ አንድ ራት ነው፤ ነገ ሌላ ድስት ይጣዳል፣ የዛሬውንም የሚያስታውሰው የለም። የመጽሐፍ ሥዕል ግን ታትሞ ለዓመታት ይኖራል፤ በመካከሉም ደራሲው፣ አርታዒውና አሳታሚው እየተቀባበሉ አስተያየት ይሰጡበታል። ምግቡ ላይ ደግሞ እየቀመሱ ያርማሉ፤ ጎሎ ካገኙት ትንሽ ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል፣ የሚነግርዎም የገዛ ምላስዎ ነው። በሥዕሉ ላይ ፍርዱ የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው አንደበት። ቤት ውስጥ ባለው ነገር መወሰንዎም ሳይረዳዎ አልቀረም፤ ምስር፣ ሽንኩርትና ሁለት ቲማቲም ብቻ ያለው ሰው ምርጫው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይጀምራል፤ ነጭ ወረቀት ፊት ያለ ሰው ግን የማይቻል ነገር ስለሌለ የት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለእርስዎ ይበልጥ የሚመስለው የቱ ነው? እኔ የገመትሁት ሊስት ይችላልና ዛሬ ሲያበስሉ ራስዎን ያስተውሉ።

የጓደኛዎ ምክር ከፍቅር እንደመጣ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም አሁን እንዳይቀበሉት እለምንዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የእርስዎን ሁኔታ በቀጥታ የሚነካ ነው። ሥዕል መሣል የሚወዱ የአጸደ ሕፃናት ልጆችን ለሦስት ከፈሏቸው፤ ለአንዱ ክፍል «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተብሎ አስቀድሞ ተነገረው፣ ሁለተኛው ሳይነገረው ከሣለ በኋላ ተሸለመ፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከቀናት በኋላ ልጆቹ እንደ ፈቀዱ እንዲጫወቱ ሲለቀቁ፣ ሽልማት ተስፋ የተሰጣቸው ልጆች በሥዕል ላይ ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ክፍያ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ እርስዎም በሥዕል እየተከፈለዎ ለብዙ ጊዜ በደስታ ሠርተዋል። ነገር ግን አንድ ሰው የሚወደውን ነገር ገና ከጅምሩ «ለዚህ ሲባል» ማድረግ ሲጀምር ውስጣዊው ፍላጎት ሊሳሳ ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ አሁን የተረፈዎ ነጻ ቦታ ይኸው ማእድ ቤት ብቻ ነው።

በዚያ ላይ በትእዛዝ ማብሰል እርስዎ ከሚወዱት ማብሰል ጋር አንድ አይደለም። ደንበኛ ባለፈው የወደደውን ምግብ ልክ እንዳለፈው ሆኖ እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ እርስዎን ደስ የሚያሰኝዎት ግን በየምሽቱ አንድ ነገር መለወጡ ነው። ፎቶውም ቢሆን ድስቱን ገና ሳይቀምሱት በሌላ ሰው ዓይን እንዲያዩት ያስገድድዎታል። ቢያንስ በእጅዎ ያለውን መጽሐፍ እስኪያስረክቡ ድረስ ምግብዎን ከቤተሰብዎና ከወዳጅዎ ገበታ አያስወጡት። ለጓደኛዎም «ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፤ ለአሁኑ ግን ለራሴ ላቆየው፤ ቅዳሜ መጥተሽ ብዪልኝ» ማለት ይበቃል።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ስልኩ ነው። ነገ ጠዋት፣ ሌላ ሥራ ሳይጀምሩ፣ ለአሳታሚው ራስዎ ይደውሉ። ከመደወልዎ በፊት ውልዎን አውጥተው መዘግየትን በተመለከተ ምን እንደሚል ያንብቡ፤ የተሠሩትንና የቀሩትን ሥዕሎች ቆጥረው በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከዚያም ረጅም ማብራሪያ ሳያበዙ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ስልክዎን ባለማንሳቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራው ከብዶኝ ነበር። ይህን ያህል ገጽ ተጠናቅቋል፤ ይህን ያህል ይቀራል። የቀረውን በአንድ ጊዜ ከምል ከፋፍዬ ላስረክብ፤ የመጀመሪያውን ክፍል በዚህ ቀን አደርሳለሁ።» የሚሰጡት ቀን ሊጠብቁት የሚችሉት ይሁን፤ አሳታሚውን ለማስደሰት ብለው የሚያቀርቡት ቀን ሁለተኛ ጊዜ ያሳፍርዎታል። ቁጣ ሊገጥምዎ ይችላል። እየደጋገመ ከሚጮኽና ከማይነሣ ስልክ ግን የአንድ ጊዜ ቁጣ ይቀልላል፤ ማተሚያ ቤት የሚጠብቅ አሳታሚም ቢሆን ከዝምታ ይልቅ ቁርጥ ያለ ቀን ይመርጣል።

ሥዕሉን በተመለከተ መጀመሪያ ከመጽሐፉ ውጪ ይጀምሩ። ተራ ደብተርና አንድ እርሳስ ማእድ ቤት ውስጥ ያስቀምጡ። ከራት በኋላ፣ ደስ ባለዎት ቀን ብቻ፣ በዚያ ምሽት ያዩትን አንድ ነገር ይሣሉ፦ ለሁለት የተከፈለ የሽንኩርት ቀለበት፣ የድስቱ ጠርዝ ላይ የደረቀ የምስር አረፋ፣ የቲማቲም ልጣጭ። የሠዓሊ ዓይን ስላለዎት ማእድ ቤት ውስጥ የቀለም ትምህርት ጭምር ያገኛሉ። ለምሳሌ አረንጓዴ አትክልት ላይ ሎሚ ጨምረው ቢያቆዩት ደማቁ አረንጓዴ ቀስ በቀስ ወደ ደብዛዛ ወይራማ ይለወጣል፤ ለአረንጓዴው መልክ ምክንያት የሆነው ክሎሮፊል በአሲዱ ምክንያት በውስጡ ያለውን ማግኒዥየም ስለሚያጣ ነው። ይህን ለውጥ ከሥሩ ቁጭ ብለው በቀለም እርሳስ ቢከታተሉት ለማንም የማያስረክቡት፣ ማንም የማያርመው ሥራ ይሆንልዎታል። ልጅዎ አጠገብዎ መጥታ መሣል ከፈለገች ደብተሩን ያጋሯት፤ ያንን ገጽ ግን ለመጽሐፉ ይጠቅማል ብለው አያስቀምጡት። ደብተሩ እንደ ግዴታ መክበድ ከጀመረም ያለ ጸጸት ይዝጉት፤ ማእድ ቤቱን ሁለተኛ የሥራ ጠረጴዛ ማድረግ የለብንምና።

የመጽሐፉን ሥራ ስለመቀጠል አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርዎ። እንግሊዛዊው ምሁር ግራሃም ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ፈጠራ ሲጽፍ፣ አእምሮ በአንድ ጉዳይ ላይ ከደከመ በኋላ ጉዳዩ ለጊዜው የሚተውበትና ሐሳቡ ሳይታወቅ የሚበስልበት ምዕራፍ እንዳለ ገልጿል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ከዚያ በፊት ያለውን የዝግጅት ምዕራፍ ነው። ስለዚህ ሽንኩርት መክተፍ ከመጀመርዎ በፊት ቀጥሎ የሚሥሉትን ገጽ ታሪክ አንድ ጊዜ በጥሞና ያንብቡት፤ በትንሽ ወረቀት ላይም የማያምሩ፣ የተሞነጫጨሩ ሦስት አራት ንድፎችን አስፍረው ይተዉት። ከዚያ እጅዎ ሲከትፍና ሲያማስል ስለ ሥዕሉ ለማሰብ አይታገሉ። አንድ ነገር ብልጭ ካለልዎ እሳቱን ቀንሰው በደብተሩ ጥግ ይጻፉት። ካልመጣም ራቱ ደርሷል።

በሥራ ሰዓትም ቢሆን ማታ የሚያደርጉትን ወደ ጠረጴዛው ማምጣት ይቻላል። አንድ ሥዕል ሙሉ በሙሉ ከመጀመር ይልቅ አንድ ነገር ብቻ የለወጡበት ረቂቅ ይሥሩ፤ ዛሬ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፣ ነገ የልጁ ፊት ዞር ይበል። ጥሩውን ወረቀት አስቀምጠው ለረቂቅ ርካሹን ይጠቀሙ፤ መበላሸቱ እንዳያሳሳዎት። ማቆሚያ ሰዓትም ይኑርዎ፤ ምድጃው የሚለኮስበት ሰዓት ሲደርስ ሥዕሉ በየትም ደረጃ ይሁን ይነሡ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ «እየሸሸሽ ነው» ከሚለው ቃላቸው በስተጀርባ ምን እንዳለ ጠይቀዋቸው ያውቁ እንደሆነ እጠይቅዎታለሁ። ምናልባት የገቢው ነገር አሳስቧቸው ይሆናል፤ ምናልባትም ዝም ብለው ሲጨነቁ ማየቱ አስፈርቷቸው ይሆናል። አሳታሚው ጋር ከደወሉ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጠው የተስማሙበትን ቀን ይንገሯቸው፤ «ስልኩን አለማንሳቴ ሽሽት ነበር፤ ልክ ነህ። ምሽት ላይ ማብሰሌን ግን አትንካብኝ፤ በዚህ ጊዜ ደህና የምሆነው በእርሱ ነው» ይበሏቸው። ጥፋቱን ያመነ ሰው የሚጠይቀውን ማንም በቀላሉ አይነፍግም። ቀኑ ሲቃረብ የሚረዱዎት ነገር ካለም፣ ለምሳሌ ልጅዎን የሚያውሉበት ቀን፣ በግልጽ ይጠይቋቸው፤ የሚጨነቅ ሰው የሚሠራው ነገር ሲያገኝ ወቀሳው ይቀንሳል።

ሥዕሉን ልተወው ወይ ለሚለው ጥያቄዎ ዛሬ መልስ አልሰጥም፤ እርስዎም ዛሬ እንዳይመልሱት እመክራለሁ። ቀኑ ያለፈበት ሥራ እያሳደደው ያለ ሰው ከሥራው ሁሉ መገላገል መፈለጉ ስለማይቀር፣ ሥዕሉን ጠልተውት ይሁን ወይስ ዕዳውን በትክክል ሊያውቁት አይችሉም። መጽሐፉን ካስረከቡና ጥቂት ካረፉ በኋላ ግን ተቀምጠው ያስቡበት። ለመጨረሻ ጊዜ የወደዱት ሥዕልዎ የቱ ነበር? ያን ጊዜ ምን ዓይነት ታሪክ፣ ከማን ጋር፣ በምን ያህል ጊዜ ነበር የሚሠሩት? ካለፈው ዓመት ወዲህ የተቀበሏቸው ሥራዎችስ እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ ነበር? መለወጥ ያለበት ሥዕሉ ሳይሆን የሚቀበሉት የትእዛዝ ዓይነትና ብዛት ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ያኔ አንዳንዱን ሥራ «አይሆንልኝም» ማለት መማር ይኖርብዎታል። ያ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ለራስዎ የሚሥሉት ንድፍ እንኳ የሚያስጠላዎት ከሆነ ግን መንገድ የመቀየሩ ጉዳይ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል፤ እኔም ያን ጊዜ «ጽኑ» ብዬ አልጫንዎትም። አሳታሚው የሰጠዎትን መልስና የተስማማችሁበትን ቀን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ሁለተኛውን ደብዳቤዎን ከዚያ ተነሥተን እንነጋገርበታለን።